ከገጽ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት በኋላ

«እስቲ አንዱን ልየው» አለች ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ እጇን ዘርግታ።

መምህር አካሉ ይህን ሲጠብቅ ነበር። ታቅፎ ያመጣውን የወረቀት ክምር ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። አርባ ሦስት ማጠቃለያ ነው፤ እያንዳንዱ ሦስት ገጽ።

«የፈለጉትን ይምዘዙ። የዘንድሮ ልጅ አያነብም የሚባለውን ወሬ ዛሬ እዚሁ እንቅበረው።»

ከኮተቤ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው በዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ማስተማር ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቹን አንድ ወፍራም ልቦለድ ያስነብባል። አንዲት ቁራጭ መሬት ለማስመለስ ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ስለተመላለሰ አንድ ተሟጋች የሚተርክ ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት ገጽ ነው። ተማሪዎቹ «ብሎኬት» የሚል ስም አውጥተውለታል። አካሉ ስሙን ሲሰማ ደሙ ቢፈላም መጽሐፉን ግን አልቀየረም።

ዛሬ የተሰበሰቡት ብሎኬትን ከከርሞ የንባብ ዝርዝር ለማባረር ነው። ሐሳቡን ያመጣችው ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው ወጣቷ የአማርኛ መምህርት ነፃነት ናት። ልጆቹ በቴሌግራም የሚቀባበሉት፣ በሁለት ማታ የሚያልቅ ቀጭን የፍቅር ታሪክ አለ፤ እሱ ይተካ ትላለች። አካሉ መጀመሪያ ካያት ቀን ጀምሮ አልወደዳትም፤ ይህን ካለች በኋላ ደግሞ ዓይኗን ማየት አልፈለገም።

«ፈንዲሻ ነው» አለ፣ ወደ እሷ ሳይዞር። «ፈንዲሻ ለሲኒማ ቤት ነው። ትምህርት ቤት ምን ይሠራል?»

«ፈንዲሻም ቢሆን ይበሉታል» አለች ነፃነት። «የእርስዎን የሚበላው የለም።»

«ይኸው አርባ ሦስት ልጅ በልቶታል።»

ወይዘሮ ሸዋረጋ ከክምሩ አንዱን መዘዘችና መጨረሻውን ገጽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። «ተሟጋቹ የውሳኔውን ወረቀት ይዞ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ዳርቱ ተቀብላው ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት ደጃፍ ድረስ ምሳ ስታመላልስለት ኖራለችና ለመሬቱ ከእሱ የበለጠ የከፈለችው እሷ ነበረች። በማግስቱ በሬ ተውሳ መሬቱን አሳረሰችው።» ወረቀቱን አስቀመጠች። «ግሩም ነው። እኔ እንኳ ለማንበብ አማረኝ።»

አካሉ ደረቱን ነፋ አደረገ።

«ዳርቱ ማን ናት?» አለች ነፃነት።

«የተሟጋቹ ሚስት ናታ።» መልሱ ሳያስበው ነው ከአፉ የወጣው።

«ሚስትየዋ መጽሐፉ ውስጥ ስም የላትም፣ መምህር። ወረቀትም አላቃጠለችም።» ነፃነት ከቦርሳዋ ብሎኬትን አወጣች። «ዛሬ ስለምንወያይበት ትናንት ነው የጨረስኩት። ሰውዬው ይፈረድለታል፣ ሄዶ መሬቱ ላይ ይቆማል፣ ድንበሩ በየት በኩል እንደነበር ይጠፋዋል። እዚያው ቁጭ ይላል። አለቀ። ሌላ መጨረሻ የለውም።»

እጇን ወደ ክምሩ ሰድዳ ታገላብጥ ጀመር። «ዳርቱ። ይኸኛውም ዳርቱ። ዳርቱ። ሁሉም ዘጠኝ ከአሥር። ይኼ ስምንት ነው፤ ጽሑፉ ስለማያምር ይመስለኛል።» አንዱ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። «ይኼኛው መገልበጡም ታክቶታል። እንደገዛው በኮምፒዩተር እንደተጻፈ ነው ያስገባው። ሥሩ ላይ ‹ሰቦቃ ኮፒ ቤት› ይላል። ለእሱም ዘጠኝ ሰጥተውታል።»

አካሉ ክምሩን ወደ ራሱ ሳበ። ምን ይበል? እውነቱ የታወቀ ነው። የመጀመሪያውን አንቀጽ ያነባል፣ የእጅ ጽሑፉን ያያል፣ ሦስት ገጽ መሙላቱን ይቆጥራል፣ ዘጠኝ ይጽፋል። አምስት ክፍል የሚያስተምር ሰው ሌላ ምን ያድርግ? ይህን ለራሱ ብዙ ጊዜ ነግሮታል። ለነፃነት ግን ሞቶም አይነግራትም። በጣም ያናደደው ደግሞ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብባ የመጣችው እሷ መሆኗ ነው።

ወይዘሮ ሸዋረጋ ነገር ማለዘብ ታውቅበታለች። መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ደብዳቤ አውጥታ ለአካሉ ሰጠችው፤ ተማሪ በሚያስኮርጅ ሱቅ ሁሉ ላይ ለወረዳው የሚጻፍ፣ የጥፋተኛው ስም ብቻ ክፍት የተተወ ደብዳቤ ነው።

«መምህር፣ ይህን የጻፈውን ሰው ስም ሞልተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያምጡልኝ። ሱቁ ይታሸጋል። ልጆቹን ያበላሸው ኮፒ ቤቱ ነው እንላለን፤ መጽሐፉም ባለበት ይቆያል። ስም ካልመጣ ግን ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው፣ ልጆቹ አልቻሉትም ማለት ነው። ከከርሞ ዝርዝር ይወጣል።»

«ስሙን አመጣዋለሁ» አለ አካሉ። ሲወጣ በሩን ገጭ አድርጎ ዘጋው።

ሰቦቃ ኮፒ ቤት ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። አስፋልቱን ሲሻገር የካራ ታክሲ ጥሩምባ ነፋበት፤ ረዳቱም ምን እንዳለው ባይሰማውም ስድብ መሆኑን አውቋል። ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ነፋስ ይቀዘቅዛል፤ እሱ ግን ኮቱን አልቆለፈም። ሱቋ ጠባብ ናት። አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው በስተጀርባ ሃያ ሦስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ።

ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ወረወረው። «ይህን የጻፈው ማነው?»

ልጅቷ አየት አደረገችው። «እኔ ነኝ፣ ቲቸር።»

ልትክድ ነው ብሎ ለጭቅጭቅ ተዘጋጅቶ ነበር። «ታውቂኛለሽ?»

«አስተምረውኛል። ኡርጂ ገላና። ከኋላ ነበር የምቀመጠው።»

«ካስተማርኩሽማ ጭራሽ ሊያሳፍርሽ ይገባል። የሌለ ታሪክ ፈጥረሽ ለልጆች ትሸጫለሽ?»

«ያለውን ቢሰጡኝ ያለውን እጽፍ ነበር» አለች ኡርጂ። ማሽኑ ውስጥ ወረቀት እየጨመረች ነው የምታወራው። «ላይብረሪ የነበረው ብሎኬት ገጽ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ተገንጥሏል። መምህራን ክፍል ድረስ መጥቼ ነገርኩዎት። ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?»

አላስታወሰም።

«‹አንቺ መጀመሪያ ያለውን ጨርሺ› አሉኝ። እዚያ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔ እኮ ያለውን ሦስት ጊዜ ጨርሼ ነው የመጣሁት።»

«ስንት ሰበበኛ ተማሪ እንዳለ ብታውቂ...»

«መጨረሻውን ራሴ ጻፍኩት» አለች፣ ሳታስጨርሰው። «ዘጠኝ ሰጡኝ። ወድደውት መስሎኝ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዓመቱ ታናሽ ወንድሜ የእኔኑ ቃል በቃል ገልብጦ አስገባ፤ ለእሱም ዘጠኝ ሰጡት። ያኔ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ እየሸጥኩት ነው። የሚያነበው የለም፣ ማን ይጠይቀኛል?»

አካሉ ተቆጣ። ተማሪ እንዲህ ሲናገረው በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያው ነው። የራሱን ብሎኬት ከቦርሳው አውጥቶ ገጽ ሦስት መቶ አሥራ ሦስትን ገለጠና ገፋላት። «ይኸውልሽ። አንብቢና የደራሲ መጨረሻ ምን እንደሚመስል እይ።»

ኡርጂ ለመቀበል አልተሽኮረመመችም። ቆማ አነበበች። መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ሰው ሁለት ጊዜ ተጣርቶ ሰሚ ሲያጣ ሌላ ቤት ሄደ። አካሉ ሰዓቱን አየ፤ ሰባት ተኩል ሆኗል። ባለቤቱ ብዙነሽ የቋጠረችለት ምሳ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ትዝ አለው፤ ግን አልራበውም። ልጅቷ ስታነብ ፊቷን ይጠብቃል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሰው ያለቅሳል፤ እሱ ራሱ መጀመሪያ ሲያነበው አልቅሷል።

ኡርጂ መጽሐፉን ዘጋችው። «በቃ?»

«በቃ።»

«ይኼን ነው ስድስት ዓመት ስጠብቅ የኖርኩት?»

«ገና አልገባሽም። ሰውዬው አሸንፎ...»

«ሰውዬው፣ ሰውዬው። እሷስ?»

«የቷ?»

«ሚስትየዋ ናታ። ሴት አያቴ ዳርቱ ለወንድ አያቴ የድንበር ክርክር ከካራ እስከ ከተማ በእግሯ ምሳ ስታመላልስ ነው ያረጀችው። ሳነበው እሷን ነው ያየሁት። ደራሲው ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ አገልግሉን አሸክሟት ስም እንኳ አላወጣላትም። መጨረሻው ላይማ ጭራሽ የለችም። የት ገባች? ሞተች? ይኼ ሰውዬ ቁጭ ሲል ማን ቤት ያስገባዋል?»

አካሉ ስም አላት ሊል አፉን ከፈተ። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማረው መጽሐፍ ነው፤ ፈለገ፣ በልቡ ገጽ በገጽ ሄደበት። «ባለቤቱ» ይላል። «ሴትዮዋ» ይላል። «የልጆቹ እናት» ይላል። ስም የለም። ነፃነት ቅድም ስትናገር እንኳ ነገሩ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጥቶ ነበር። አፈረ። ሲያፍር ደግሞ የሚቆጣ ሰው ነው።

«ደራሲው እንዲህ ያደረገው ምክንያት ኖሮት ነው።»

«ምን ምክንያት?»

አካሉ ከኪሱ ደብዳቤውን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። «ይኼ ለወረዳው የሚሄድ ነው። እዚህ ላይ ስምሽን ስሞላ ሱቁ ይታሸጋል፤ መጽሐፉ ይተርፋል። ካልሞላሁት ከከርሞ ጀምሮ ልጆቹ ፈንዲሻ ያነባሉ። አንቺን የመሰሉ ሰዎች ያመጡት ጣጣ ነው።»

ትለምነኛለች ብሎ ጠበቀ። ብትለምነው ይቀለው ነበር። ኡርጂ ግን እስክሪብቶ አንስታ አቀበለችው።

«ይጻፉ።»

«ምን?»

«ስሜን ይጻፉ። አጎቴ ሰቦቃ ሱቄን አዘጋሽብኝ ብሎ ከቤት ያስወጣኝ ይሆናል። ቢሆንም ይጻፉ። በስድስት ዓመት ስንት ልጅ ስሙን ጽፎበት ዘጠኝ እንደወሰደ አላውቅም። የእኔ ስም አንድ ቦታ እንኳ ይስፈርበት። ኡርጂ ገላና ነው፤ እንዳያበላሹት።»

አካሉ እስክሪብቶውን ያዘ። ክፍቱ ቦታ አጭር ናት፤ ሁለት ቃል ይበቃታል። ሁለት ቃል ከጻፈ ብሎኬት በዝርዝሩ ላይ ይቆያል። በየዓመቱ አርባ፣ ሃምሳ ልጅ ይይዘዋል። ሌላ ኮፒ ቤት ሌላ ማጠቃለያ ይሸጣል፤ እሱም ዘጠኝ ይሰጣል። መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አንብባ የተጣላችው ይህች ልጅ ግን ሱቁ ታሽጎባት ትሄዳለች። ይህን ሲያስብ በጣም ከፋው፤ ልጅቷንም አልወደዳትም፣ ራሱንም አልወደደም።

ስልኩ ጠራ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ናት።

«መምህር፣ ስሙን አገኙ? ደብዳቤውን እየጠበቅሁ ነው።»

ኡርጂ እጆቿን አጣምራ ታየዋለች።

«አግኝቼዋለሁ» አለ አካሉ። «አላመጣውም። መጽሐፉን ያውጡት።»

«እንዴት ማለት ነው? አርባ ሦስቱን ዘጠኝስ ምን ልንል ነው?»

«መምህሩ አላነበበውም በሉ።»

ስልኩን ዘጋ። ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ኡርጂ ፊቷን አጨማደደች። «ለእኔ ብለው ከሆነ አልጠየቅኩዎትም።»

«ላንቺ ብዬ አይደለም። የራስሽን አምጪ፤ መጀመሪያ የጻፍሽውን።»

ከኮምፒዩተሩ አውጥታ አተመችለት። አካሉ ከላይ «ኡርጂ ገላና» ብሎ ጻፈበትና መነጽሩን አጥልቆ ማንበብ ጀመረ። ከመጀመሪያው መስመር አንድ ሳይዘል ሦስቱንም ገጽ አነበበ። አንዳንድ ቦታ አሰመረ፣ አንዳንድ ቦታ ሰረዘ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ደንበኞች ገቡ፣ ወጡ። ሲጨርስ ከሥር ማርክ ጽፎ ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረው።

«ስድስት?» አለች ኡርጂ። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ዘጠኝ አልነበር እንዴ የሰጡኝ?»

«ያኔ አላነበብኩትም።»

ኡርጂ ወረቀቱን ሳብ አድርጋ የተሰመረበትን ሁሉ በጣቷ ተከተለች። ቆይታ ቀና አለች፤ ፊቷ አሁንም እንደተቆጣ ነው።

«አራቱን ምን ላይ ነው ያጎደሉብኝ?»

ስምንት ሰዓት አልፏል፤ አምስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ክፍል አለው። መምህር አካሉ የወረቀት ካርቶን ወደ ባንኮኒው ስቦ ተቀመጠበትና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ።