ቀኑ ብቻ ይበቃ ነበር

የኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ በዛብህ ጣቱን በልጁ በአየነው አፍ ውስጥ ከቶ የመንጋጋ ጥርሱን ይቆጥር ነበር። ጠዋት የበላው የፉል ዘይት ጣቱ ላይ ገና አልደረቀም። ቆጥሮ ሲጨርስ ጣቱን በልጁ ሸሚዝ ጠረገና «ክንድህን አንሣ» አለው። ብብቱን አየ። ከዚያ የቀበሌውን አዳራሽ የሞሉት እናቶች እየሰሙ «ይኼማ አግብቶ ይወልዳል!» ብሎ ሳቀ።

በድሪያ ከኮሚቴው ጠረጴዛ ጥግ ተቀምጣ ፊቷን አዞረች። ሠላሳ ዓመት ስታዋልድ ደምም ሌላውም በእጇ አልፏል፤ አንድም ቀን አስጠልቷት አያውቅም። የዚህ ሰው ጣት ግን አቅለሸለሻት። ኮሚቴው ውስጥ ያስገቧት «ባለሙያ ነሽ» ብለው ነው። ሥራቸው ለብሔራዊ ውትድርና የተጠሩትን ልጆች ዕድሜ ማጣራት ነው። አሥራ ስምንት የሞላው ሁርሶ ማሠልጠኛ ይገባል፣ ያልሞላው ወደ እናቱ ይመለሳል። ወሬው እንዲህ ነው እንጂ ኮታው ከጎደለ የጢም ምልክት የሌለውም «ሞልቶታል» ተብሎ ይጫናል።

አየነው አሥራ ስድስት ከሞላው ገና ወሩ ነው። ከእናቱ ከወርቅዬ ቀጥሎ ይህን አሳምራ የምታውቀው በድሪያ ናት፤ በእጇ ነው የተቀበለችው። ጉዱ ቁመቱ ነው። አምስት ዓመቱ ላይ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ በወዲያ በኩል ያለውን ጆሮውን ሲነካ የትምህርት ቤቱ ሰዎች «ደርሷል» ብለው የሰባት ዓመት ልጅ አድርገው መዘገቡት። አባቱ ሀብተ ማርያም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ቀን ከባቡር ሥራው ቀርቶ የከዚራን ሰፈር ሰው ሁሉ ሻይ ጋበዘ። ያ ደስታ ዛሬ ልጁን ሊያስበላው ነው። ወርቅዬ የክርስትናውን ወረቀት አምጥታ ነበር፤ ጓድ በዛብህ «የቄስ ወረቀት አንቀበልም» ብሎ ወረወረላት።

የቀረው የበድሪያ ደብተር ነው። ያዋለደቻቸውን ሁሉ የጻፈችው እዚያ ላይ ነው። እሷ ግን ደብተሩን አላመጣችም። ቀኑን ብቻ በንጹሕ ወረቀት ገልብጣ፣ ፈርማ አቀረበች፦ ግንቦት 11 ቀን 1960፣ ወንድ።

«ወረቀትማ ማንም ይጽፋል» አለ ጓድ በዛብህ። «ደብተሩ ይምጣ፣ ጓዲት።»

«አቦ፣ አንተ የፈለግኸው ዕድሜውን አይደል? ዕድሜው ይኸው። ደብተሩ የሴቶች ገመና ነው፣ ወላሂ አላመጣም።»

«ከአብዮቱ የሚደበቅ ገመና የለም። ካልመጣ ልጁ ነገ ይጫናል።»

በድሪያ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ ቤቷ ሄደች። መንገዱን ሁሉ ራሷን ስትረግም ነበር። ያሠለጠኗት ሐኪም «ምንም አይቅር፣ ሁሉንም ጻፊ» ብለዋት፣ እሷም በጽሕፈቷ ማማር ኮርታ፣ ሴት በምጥ መሐል የምትናገረውን ሳይቀር ጻፈች። ለዕድሜ ቀኑ ብቻ ይበቃ ነበር። ለሌላው ማን ላካት? ገጹን ገልጣ ከላይም ከታችም ወረቀት በስፒል አያያዘችበት፤ ቀኑ ያለበትን መስመር ብቻ ክፍት ትታ ወደ አዳራሹ ይዛው ተመለሰች።

ጓድ በዛብህ ቀኑን አየ። ቀለሙ ያረጀ፣ ቀኑም ያው ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ዓይኑ ግን ወረቀቱ ላይ ቀረ።

«ከሥሩ ምን አለ?»

«ዕድሜውን የሚመለከት ነገር የለም።»

«እሱን የምወስነው እኔ ነኝ። የተሸፈነ ማስረጃ ማስረጃ አይባልም።»

በድሪያ መዳፏን ገጹ ላይ ተጭና ወርቅዬን አየቻት። የወርቅዬ ፊት አመድ መስሏል። ገጹ ላይ ያለውን ታውቀዋለች፤ በገዛ አፏ የተናገረችው ነው። ልጇን አየች፣ ደብተሩን አየች፣ ከዚያም ነጠላዋን አጥብቃ ቆመች።

«እትዬ በድሪያ፣ እጅሽን አንሺ። ይየው። እኔስ ብዋረድ ብዋረድ፣ ልጄን ይተውልኝ።»

በድሪያ እጇን አነሣች። በዓይኑ የሚያነብ መስሏት ነበር። እሱ ግን ጣቱን ምራቁ ውስጥ ነክሮ ገጹን አቃናና ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ፦

«ባል ሀብተ ማርያም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጅቡቲ። የሕፃኑ አባት እሱ አይደለም። እናት ይህን ነግራኝ አልቅሳለች። ምስጢር ነው።»

«ምስጢር ነው» የሚለውን ሳይቀር አነበበው።

ከኋላ ወንበር አንዱ ሳቀ። ጓድ በዛብህ ሥጋ በልቶ እንደ ጠገበ ሰው ጥርሱን በምላሱ እየጠረገ «በሉ፣ አሥራ ስድስት ነው፣ ተረጋግጧል፣ ይሂድ» አለ። በድሪያ እሱንም፣ ያን ባማረ ጽሕፈት የጻፈውን የገዛ እጇንም ተጸየፈች።

ወርቅዬ የልጇን ክንድ ያዘች። «ና የኔ ጌታ፣ ቤታችን እንሂድ።»

አየነው አልተንቀሳቀሰም። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ቃኘ፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እሱን ያያል። የእናቱን እጅ ቀስ አድርጎ አላቀቀና ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ።

«ጻፉኝ» አለ። «አሥራ ስምንት ሞልቶኛል።»

«ውሸቱን ነው!» ወርቅዬ ጮኸች። «አሁን አላነበባችሁም እንዴ? ኧረ በማርያም!»

በድሪያ ደብተሩን ምንም ሳትሸፍን በጓድ በዛብህ አፍንጫ ሥር ደቀነችው። «አንተ ሰውዬ፣ ይኸው ቀኑ! አሁን አይደል ያረጋገጥኸው?»

ጓድ በዛብህ ደብተሩን በአንድ ጣቱ ዘጋው። «ራሱ ተናገረ እኮ» አለና መዝገቡን ሳበ። «ስም?»

«አየነው።»

«የአባት ስም?» ሲል ከንፈሩን ሳቅ ሳቅ ይለው ነበር።

«ሀብተ ማርያም» አለ ልጁ፣ የኋላ ወንበሮቹም እንዲሰሙት ጮክ ብሎ።

ጓድ በዛብህ ስሙንም ዕድሜውንም ጻፈ። ለዚህኛው ማስረጃ አልጠየቀም።