አፍንጫው

ባለቤቴን ሰፈሩ በሙሉ «አፍንጫው» ነው የሚለው። ጂን የሚባለውን መጠጥ እናወጣለን፤ ስኳር ያልነካው፣ በጥድ ፍሬ የተቀመመ፣ ገና ከብርጭቆው አፍ ላይ ጥድ ጥድ የሚሸት ደረቅ ጂን። እሱ አሽትቶ «ይሄ ይታሸግ፣ ይሄ ይደፋ» ካለ አለቀ፣ ይግባኝ የለውም። እኔ ጠርሙስ አጣቢና ተቆጪ ነኝ።

ጉንፋን ከያዘው ወዲህ ግን እግሩ አያርፍም። ጂኑ ከሚወጣበት የመዳብ ጋን ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ጋኑ። ደንበኛችን፣ የሆቴሉ ባለቤት፣ ባለፈው የላክንላትን መልሳ «ጥዱ የት ገባ?» ስትል፣ «ምላሷ ነው የታመመው» ብሎ ዘጋት። ዛሬ አዲሱን ልትቀምስ ትመጣለች፤ ይሄም ካልጣማት በቃ፣ ሌላ ሰው ጋ ትሄዳለች። እኔም ቁጭ ማለት አቃተኝ። አንድ ጥርጣሬ ሆዴ ገብቶ ይበላኛል።

እሱ እንደሚወደው አሰናዳሁ። ብርጭቆውን ከማቀዝቀዣ አወጣሁ፣ ቶሎ የማይቀልጥ ትልቅ በረዶ ጨመርኩ። ሌላ ቀን ቢሆን ጂኑን በረዶው ላይ አፈስና ቀጭን የሎሚ ልጣጭ ጠምዘዝ አድርጌ ጣል አደርግበታለሁ። ቶኒክ የሚባለውን መራራ ለስላሳ ለሚፈልግ ደግሞ በብርጭቆው ጎን፣ ቀስ ብዬ፣ አረፋው እንዳይጠፋ እጨምርለታለሁ። ዛሬ ጂንም ሎሚም አልጨመርኩም። ውኃ ቀዳሁና ዓይኔን በጨው አጥቤ ሰጠሁት።

አፍንጫውን ብርጭቆው ውስጥ ቀበረ። ውኃ ነው በለኝ፣ ስደበኝ፣ ከፈለግክ ብርጭቆውን ወርውርብኝ እያልኩ በሆዴ እለምነዋለሁ።

«ጥዱ ደህና ወጥቷል» አለ። «ሎሚ አበዛሽበት እንጂ። ስንቴ ልንገርሽ? ሎሚ ሲበዛ ጥዱን ይሸፍነዋል።»

ክው አልኩ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እሱ ተጎነጨ፤ ጉሮሮውን የሚያቃጥል ነገር ጠብቆ አጣ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ውኃ ነው» አለ።

«ውኃ ነው።»

«ሴት ባሏን እንዲህ ትፈትናለች?»

«ወንድስ ከሚስቱ እንዲህ ይደብቃል? ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? አፍንጫው አፍንጫ የለውም ብዬ?»

አንጀቴን በላኝ። አዲሱን ጂን ቀዳሁና ራሴ አሸተትኩት። መጀመሪያ አልኮሉ ኮረኮረኝ፣ ቀጥሎ ድንብላሉ፣ የብርቱካኑ ልጣጭ። ጥዱን ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

«አለ?» አለኝ።

እንዲህ ሲያየኝ ውሸቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እኔም ከዋሸሁት ማን ሊቀረው ነው?

«የለም» አልኩት።

የታሸጉትን ጠርሙሶች ዞር ብሎ አያቸው። ከዚያ ከጋኑ አጠገብ የማትጠፋውን፣ ማንንም አስቀምጦባት የማያውቀውን በርጩማውን አምጥቶ እግሬ ሥር አኖራት።

«ተቀመጪ» አለኝ። «ሴትዮዋ ስትመጣ ሌላ ቀን ነይ እላታለሁ። አንቺ ግን እስቲ ንገሪኝ፤ ጥድ እንዴት ነበር የሚሸተው?»