ጉም ሁለት ጊዜ ይጠራል

ተረት ተረት ሲባል የላም በረት ብሎ መቀበል የቆየ ወግ ነው። ይህ ተረት ግን ላምም በረትም የለውም፤ ያለው አንድ የቆርቆሮ በር ነው። በሩ የተገጠመው በክምር ድንጋይ ከተማ ዳርቻ፣ የጉና ተራራ ጉም ሲወርድ ከሁሉ ቀድሞ በሚደርስበት ቤት ላይ ነው።

በዚያ ቤት ሰዓዳ ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቤቱ እንጀራ ከበግ ጠጉር ይወጣል። ትፈትላለች፤ ታሸምናለች፤ የተሸመነውን በሙቅ ውሃ ነክራ ጥቅጥቅ እስኪል ድረስ በእግሯ ትረግጠዋለች። ባርኖስ የሚባለው ካባ ሆኖ ሲያልቅ የደጋ ሰው ይገዛዋል። እጇ በበጋም በክረምትም እርጥብ ጠጉር ይሸታል። ትልቋ ልጅ ሂክማ ስድስተኛ ክፍልን የጨረሰች ናት። ትንሹ ሐምዛ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ገና አልተተኩም።

ሰዓዳ ለልጆቿ ከፊደል አስቀድማ ያስተማረችው አንድ ነገር አለ፦ ጉም ሲወርድ፣ ከጉሙ ውስጥ በስማችሁ የጠራችሁን ሦስተኛ ሳይደግም «አቤት» አትበሉ። ጉም ሁለት ጊዜ ይጠራል። ሦስተኛው አይሆንለትም፤ ሦስቴ የሚጠራ ሰው ብቻ ነው። በዚያ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ጎረቤት እሳት ሊጭር ሲመጣ እንኳ፣ በጉም ቀን፣ ሦስቴ ሳይጠራ ደጅ አይከፈትለትም።

ሐምዛ ግን ሌላም የተማረው ነገር ነበር፤ ታላቅ ሲጠራ የሚዘገይ ልጅ ባለጌ ነው። ከመንደሩ ልጆች ሁሉ ፈጥኖ «አቤት» የሚል እርሱ ነበር። ስለዚህም ሁሉ ይመርቀው ነበር።

በሐምሌ አንድ ቀን ሁለቱ ልጆች ጠጉር ለማምጣት ወደ ጉና ወጡ። ጠጉሩ ያለው እማማ ዘነበች ዘንድ ነው፤ ገብስ የሚዘሩ፣ በግ የሚያረቡ፣ ለሰዓዳ ከእናቷ ዘመን ጀምሮ ደንበኛ የሆኑ አሮጊት ናቸው። ድንች ቀቅለው ጠበቋቸው።

«ብሉ እንጂ! ሥጋ ቢሆን የእናንተ፣ የእኛ ይባል ነበር። ድንች እንደሆነ ሃይማኖት የለው።»

«ጨውም የለው» አለ ሐምዛ።

«ይኸ ድዳም! ጥርሱን አውልቆ ምላሱን አስሎ መጣብኝ!» እማማ ዘነበች እየሳቁ ጨው አቀረቡለት። ሲወጡም በሁለቱ ኪሶቹ አንዳንድ ትኩስ ድንች ከተቱለት። «እጅህን እያሞቅህበት ሂድ። ቤት ስትደርስ ትበላዋለህ።»

ቁልቁለቱን ሳያጋምሱ ጉሙ ደረሰባቸው። ሂክማ የጠጉሩን ጆንያ በጀርባዋ አዝላ ነበር።

«የሻርፔን ጫፍ ያዝ። እንዳትለቅ።»

«ብለቅስ?»

«ጅብ ይበላሃል።»

«ድንቹን እሰጠዋለሁ።»

«ጅብ ድንች አይበላም፣ አንተ ጅል።»

«ጨው ካለው ይበላል።»

ያን ጊዜ ከበስተግራቸው የሴት ድምፅ መጣ። የእናታቸውን ይመስላል። ቁጣ የለበትም፤ ምሳ ደርሷል እንደሚል ነው።

«ሐምዛ!»

«አቤት!» አለ ሐምዛ።

ሂክማ እጇን ስትዘረጋ የሻርፗ ጫፍ ቀልሎ ነበር። ስሙን እየጠራች ወደ ግራ ሮጠች፤ ወደ ቀኝም ሮጠች። ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ድረስ ጠራችው። ያ ፈጥኖ የሚመልስ ልጅ አልመለሰም።

አገሩ ወጣ። እስላሙም ክርስቲያኑም ገደል ለገደል ፈለገ። በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ስሙ ተነገረ፤ ፎቶው በባጃጆች መስተዋት ላይ ተለጠፈ። አንዱ ጅብ ነው አለ፣ ሌላው ገደል ነው አለ። ሌላው ደግሞ «በዚህ ዘመን ሰው የሚወስድ ጅብ ብቻ ነው?» አለ። ሰዓዳ ለሐምዛ ልክ የጀመረችውን ትንሽ ባርኖስ ጨረሰችና ከበሩ አጠገብ ባለው ካስማ ላይ ሰቀለችው።

በአንድ የገበያ ቀን እማማ ዘነበች ለለቅሶ ወረዱ። ሰዓዳ ገበያ ነበረች። አሮጊቷ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ሂክማን ወደ ጆሯቸው አስጠጓት።

«የወሰደውን ጉም አይበላውም፣ ልጄ። አፉ ያደርገዋል፤ በድምፁ ሌላ ሰው ይጠራበታል። እስኪያደርገው ግን ልጁ አንድ ጊዜ ወደ ቤቱ ደጅ ይመጣል። ይጠራል። የሚጠራውም ሁለቴ ነው፤ ከዚያ በላይ ትንፋሽ አይተውለትም።»

«መልስ ካገኘስ?»

«ይገባል። የእናቴ ወንድም ጌጡ እንዲያ ገባ። እጁ እስኪሞት አልሞቀም፤ ግን አገባ፣ ወለደ፣ ተዝካሩንም በልቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ሁሉም አይመልስም?»

«ጉሙም በዚያው ድምፅ፣ ያው ሁለቴ ይጠራላ! የጎረቤቴ የእመቤት እናት ለጠፋ ልጇ መለሰች። በሩ ተከፍቶ አገኘነው። እርሷን አላገኘናትም።»

«በምን ይለያል?»

እማማ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አይለይም» አሉና ተነሡ።

ሂክማ ያን ዕለት ማታውን ወሰነች። ለእናቷም እማማ ዘነበች ያሉትን ሳትደብቅ ነገረቻት።

«እመልስለታለሁ፣ እማዬ።»

«ምን አልሽ?»

«እርሱ ቢሆንስ?»

«ባይሆንስ?» ሰዓዳ የምትፈትለውን ጣለች። «እኔ ስንት ልጅ ያለኝ መሰለሽ? እስቲ ቁጠሪልኝ! ከፊቴ ዞር በይ።»

ሂክማ ዞር አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መቀመጫዋ ከበሩ ሥር ሆነ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ቀትር አለፍ እንዳለ፣ ጉሙ ወረደ። መስኮቱ ነጣ። ሰዓዳ ገንዳው ውስጥ ቆማ ጠጉር እየረገጠች ነበር።

«ሂክማ!»

ባልተተኩት ጥርሶች መካከል ነፋስ የሚያሾልክ ድምፅ ነበር። ሂክማ አፏን ከፈተች። «አ» የሚለው ሳይወጣ እርጥብ ጠጉር የሚሸት መዳፍ አፏን ሞላው። እናቷ ከገንዳው መቼ እንደ ወጣች አላየችም።

«ቆዪ» አለች ሰዓዳ በጆሮዋ። «ቆዪ፣ እናቴ። ሰው ከሆነ ሦስተኛውን ይጠራል። ሦስተኛውን ይጥራ እንጂ እኔው ራሴ እከፍትለታለሁ።»

ሂክማ መዳፉን ነከሰች። ደም ቀመሰች። መዳፉ አልተነሣም።

«ሂክማ!»

ይኸኛው ዝግ ያለ ነበር። ቆርቆሮው ሲጢጥ አለ፤ የደከመ ልጅ ግንባሩን በር ላይ ያስደገፈ ያህል።

ከክዳኑ ውሃ ይንጠባጠባል። የሰዓዳ ከንፈር ከልጇ ጆሮ ሳይርቅ ይንቀሳቀስ ነበር። «ጥራ» ትላለች። «ጥራ፣ አባቴ። አንዴ ብቻ። ጥራኛ!»

ሦስተኛው አልመጣም።

ጉሙ ሲገለጥ በሩን ከፈቱ። በጭቃው ላይ የትንሽ ጫማ ዱካ ነበር። ከአጥሩ ይጀምራል፤ የበሩ ደፍ ላይ ያበቃል። የተመለሰ ዱካ የለም። ደፉ ላይ በጎን ጥርስ የተገመጠ አንድ ድንች ተቀምጧል። ሂክማ አነሣችው። ገና ትኩስ ነበር። በሁለት እጇ አቅፋ ከጡቷ ሥር ሸሸገችው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀዘቀዘ።

ሰዓዳ አላለቀሰችም። የተነከሰ መዳፏን ገልብጣ ገልብጣ አየችው።

ከዚያ ወዲህ በጉም ቀን ያ በር አይዘጋም። ሰዓዳ ደፉ ላይ ትቀመጣለች። ጠጉር ሻጭ ከአጥር ውጭ ስሟን ጠርቶ ሳይጨርስ «አቤት!» ብላ ትነሣለች። ሰው ይህን አይቶ ፈራ፤ በዚያ ደጅ አልፎ የሚጠራት ጠፋ። ጉሙም በዚያ ደጅ ዳግመኛ ማንንም አልጠራም።

ትንሹን ባርኖስ ካስማው ላይ አቧራ እንዳይጠጣ በየክረምቱ አውርዳ በሙቅ ውሃ ትነክረዋለች፤ ትረግጠዋለችም። ጠጉር ደግሞ በተረገጠ ቁጥር ይጠብባል። ሥራው ሥራዋ ነውና ይህን ከእርሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ዘንድሮ ባርኖሱ ለሚጠባ ሕፃን እንኳ አይሆንም።

«ተዪው፣ እማዬ» አለቻት ሂክማ። «እያለቀ ነው።»

ሰዓዳ ግን ፊቷ ወደ ጉሙ ነበር።

«አቤት!» አለች።

ማንም አልጠራትም ነበር።