ባለቤቱ ብቻ የሚከፍተው ሳጥን

አባቷ ሆስፒታል በገቡ በሦስተኛው ቀን ፕሮግራመሯ ቢሮዋ የመጣችው ለሥራ አልነበረም። ጥፋተኛ ፍለጋ ነው።

የክሊኒኩን ስልክ የሚያነሳው ኮምፒውተር የእሷ የእጅ ሥራ ነው። የሰው ወሬ እንዲገባው ሁለት ዓመት ደክማበታለች። እያንዳንዱን ታካሚ አንድ ሳጥን አድርጋ ሠራችው፤ የሙያው ሰዎች «ኦብጀክት» ይሉታል። ዕድሜው፣ ሕመሙ፣ ሁሉ ነገሩ እዚያ ውስጥ ነው። ቁልፉ ግን በታካሚው እጅ ብቻ ነው፤ ስለ ራሱ የተናገረውን ሌላ ሰው ገብቶ እንዳያበላሽበት። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» እያለች ባልደረቦቿን ታስቅበት ነበር።

ሠሪዋ ናትና የአባቷን ሳጥን ከፈተች። ሁለት ጥሪ አለ። ሰኞ አባቷ ራሳቸው ደውለዋል። «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። እንዲያው ደወልኩ እንጂ» ብለው ዘጉ። ኮምፒውተሩ «ደህና» ብሎ ጻፈ። እግራቸው የተሰበረ ጊዜ እንኳ «ደህና ነኝ» ያሉ ሰው መሆናቸውን ከየት ይወቅ?

ረቡዕ የደወሉት የአባቷ ጎረቤት፣ አንዲት አሮጊት ናቸው።

«ኧረ ምን ደህና ናቸው! ደረታቸውን ይዘው ነው የሚያድሩት። ደረጃው እንኳ አቅቷቸዋል!»

«እባክዎ ባለጉዳዩን ያቅርቡልኝ» አለ ኮምፒውተሩ፣ ጨዋ ነው።

«ደህና ነኝ» አሉ አባት ስልኩን ተቀብለው። «እሷ ታካብዳለች።»

ደህና ተብሎ ተጻፈ። ለክሊኒኩ ነርስ የተላለፈ ነገር የለም። ሐሙስ ጠዋት ደረጃው ላይ ወድቀው ተገኙ።

ፕሮግራመሯ ስህተቱን መስመር በመስመር ፈለገች። ስህተት የለም፤ ማሽኑ ያዘዘችውን አድርጓል። ያን ጊዜ ስትሸሸው የሰነበተችው ነገር ፊቷ ተደቀነ። ጎረቤቲቱ ረቡዕ ዕለት ኮምፒውተሩ እንቢ ሲላቸው ለእሷም ደውለው ነበር። «ነይና እያቸው ልጄ» አሏት። እሷ ግን ለአባቷ ደወለች፤ «ደህና ነህ?» አለች፤ «ደህና ነኝ» አሏት። መልሳ ለጎረቤቲቱ፣ «ራሱ ደህና ነኝ ብሏል እኮ፣ እትዬ» ብላ ስብሰባዋ ገባች። ማሽኑን ያስተማረችው የራሷን አመል ነው።

ከሰዓት ሆስፒታል ሄደች። ጎረቤቲቱ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ እንዴት ዋለ?»

«ደህና ነኝ» አሉ አባት ቀድመው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው።

ልጅቷ ዓይኗን ከጎረቤቲቱ ፊት አላነሳችም። ጎረቤቲቱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወስደው ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ።