የወፈረው ፋይል

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወለተሐና የፋይሉን ክር በምላጭ ስትበጥሰው ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። ከክፍለ ሀገር ተቆጣጣሪ ይመጣል ስለተባለ፣ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ጓድ ኃይለ ገብርኤል የወፈረ ፋይል ሁሉ ለሁለት እንዲከፈል አዞ ነበር። የታችኛው አሮጌ ወረቀት «ቅጽ አንድ» ተብሎ ወደ መጋዘን ይወርዳል፤ የላይኛው «ቅጽ ሁለት» ሆኖ መደርደሪያው ላይ ይቀራል። ወፍራም ፋይል የሰነፍ መሥሪያ ቤት ምልክት ነው ተብሏል። ጉዳይ መጨረስ ሲያቅት ፋይል ማክሳት አያቅትም።

ክሩን የበጠሰችው የዓወል አብዱልሀሚድ ፋይል ነበር። ልጁን ዕድሜው ሳይደርስ ከአልዩ አምባ ገበያ አፍሰው ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውታል። አባቱ አቶ አብዱልሀሚድ የአልዩ አምባን ዳገት ወጥተው ደብረ ብርሃን ያልመጡበት ሳምንት የለም። ባለጉዳይ ሁሉ የሚያምነው አንድ ነገር አለ፤ ፋይል በወፈረ ቁጥር ጉዳዩ ክብደት ያገኛል ይባላል። እሳቸውም በመጡ ቁጥር አዲስ ማመልከቻ ያስገባሉ። የሼሁ ምስክርነትና የክሊኒኩ የዕድሜ ማስረጃ መጀመሪያ የገቡ ናቸውና ከሥር ተቀብረው ቀሩ። ወለተሐናም «ይጨምሩ አባባ፣ አይከፋም» ትላቸው ነበር። ልታጽናናቸው ብላ ነው እንጂ፣ ምኑን አውቃው።

ፋይሉን እንደታዘዘችው ከፈለችው፤ ማስረጃው መጋዘን ወረደ። ጓድ ኃይለ ገብርኤል የመጨረሻውን ማመልከቻ ለማየት ቅጽ ሁለትን ሲገልጥ ያገኘው ልመና ብቻ ሆነ። «ማስረጃ ስለሌለው ተዘግቷል» ብሎ ፈረመበት። ይህን ባየች ጊዜ መጋዘን ሮጣ ቅጽ አንድን አቧራውን እንኳ ሳታራግፍ አመጣችው።

«ጓድ፣ ማስረጃው ይኸውና። ታች ወርዶ ነው» አለችው።

ቀና ብሎ አላያትም። «የወረደ ፋይል ማን አውጪ አለሽ?»

«ልጁ ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ሼሁም ክሊኒኩም መስክረውለታል።»

«ፈርሜያለሁ እኮ። ተቆጣጣሪ ሊመጣብኝ ፊርማዬን ልሰርዝ? ደግሞም ልጆቹ ጠዋት ተጭነው ወደ ሰሜን ሄደዋል። ጉም ይዟቸው ጣርማ በር ዋሻው አፍ ላይ ቆመዋል ብለው አሁን ደወሉ። ይህ ወሬ ከዚህ ቢወጣ ወህኒ እንደሚያስወርድ ታውቂያለሽ። በይ መልሺው።»

ፋይሉን ታቅፋ ወጣች። በኮሪደሩ ስትሄድ እሱን ረገመችው፤ መዝገብ ቤቱ በር ስትደርስ ግን እርግማኑ ወደ ራሷ ዞረ። ምላጩን የያዘ የእሷ እጅ ነበር። አንዲት ጊዜ እንኳ የታችኛውን ወረቀት ገልጣ ብታይ ምን ነበረበት?

አቶ አብዱልሀሚድ በሩ ላይ ቆመዋል። እግራቸው እስከ ጉልበት አቧራ ለብሷል፤ እጃቸው ላይ የታጠፈ ወረቀት አለ።

«እንዴት አደርሽ ልጄ። ይህችን ደግሞ ጨምሪልኝ። በዚህችስ ኢንሻአላህ ይሰሙኛል።»

«ይጨምሩ» ብትል ሰውየው መርቀዋት ይሄዱ ነበር፤ በሳምንቱም ሌላ ይዘው ይመጣሉ። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«ይህን አልቀበልዎትም አባባ።»

«ምነው? ሞላ እንዴ?»

«ፋይሉን ለሁለት የከፈልኩት እኔ ነኝ። ማስረጃዎ መጋዘን ወርዶ ስለቀረ፣ የለውም ብለው ዘጉት። ዓወልን ዛሬ ጠዋት ወደ ሰሜን ጭነውታል።»

አቶ አብዱልሀሚድ ግድግዳውን ተደገፉ። ወረቀቱንም መልሰው ዘረጉላት።

«እንደው ይህችን ብቻ ብትጨምሪልኝስ?»

«ወረቀት ይተዉ አባባ፤ ይስሙኝ። መኪኖቹን ጉም ይዟቸው ጣርማ በር ላይ ቆመዋል። አሁኑኑ ከተሳፈሩ ጉሙ ሳይገለጥ ይደርሳሉ። ባያስመልሱትም ዓይኑን ይዩት።»

«ወታደሮቹ ማን ነገረህ ቢሉኝስ?»

ወለተሐና ወደ ኃላፊው ቢሮ ዞር ብላ አየች። በሩ ገርበብ ብሏል።

«የመዝገብ ቤቷ ወለተሐና ነገረችኝ ይበሉ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

አቶ አብዱልሀሚድ ወረቀቱን እንደዘረጉላት ጥቂት ቆሙ። እሷ ለመቀበል እጇን አልዘረጋችም። እሳቸውም ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ መኪና መሳፈሪያው ተጣደፉ።