ውሃ የጠጣው ሞተር

ጠዋት ወደ ጀልባ ማቆሚያው ስትወርድ ታናሽ ወንድሟ ቀድሟት ደርሶ ነበር። ነገሩ ያን ጊዜውኑ አልጣማትም። ካልጎተቱት ከአልጋ የማይወርድ ልጅ፣ ዛሬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ከጀልባዋ ውሃ በባልዲ እየቀዳ ይደፋል።

«ምን ሆነች?» አለችው።

«ትንሽ ውሃ ገብቷል፣ እትዬ። ከወለሉ በታች ነው። ጨርሼዋለሁ።»

ጀልባዋ ከዚህ ዳርቻ ወደ ማዶ መንደሮች ሰው ታሻግራለች። በናፍጣ የሚሠራው አሮጌ ሞተር ከኋላ፣ ከእንጨት ክዳን ስር ነው ያለው። ድሮ የሚነዳት አባታቸው ነበር። ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው መሪውን ለሴት ልጁ ለቀቀ፤ ተሳፋሪውም ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ግማሹ ለቀልድ፣ ግማሹ ከልቡ፣ «ካፒቴን» ይላት ጀመር።

ዛሬም ተሳፋሪው ተሰልፎ እየጠበቀ ነው። ፊት ላይ የቆመችው አዋላጇ ናት፤ ቦርሳዋን ከጉያዋ አልለየችውም።

ካፒቴኗ ቁልፉን አዞረች። ቀጭ ብሎ ዝም አለ። ባትሪው ጋ ጎንበስ ብላ የሽቦዎቹን ጫፎች ፈታች፣ በደረቅ ጨርቅ ጠራርጋና ፍቃ መልሳ አሰረቻቸውና እንደገና ሞከረች። ሞተሩ ግማሽ ዙር እንደ ዞረ፣ ግድግዳ የመታ ይመስል ጓ ብሎ ቆመ።

«ድገሚው» አለ ወንድሟ። «ቅድምም እንዲህ ሲል ነበር፤ ሊነሳ ምንም አልቀረውም።»

እጇን ከቁልፉ ላይ አነሳች። «ቅድም? ሞክረኸዋል?»

«ሁለት ሦስቴ ብቻ።»

ቆሽቷ አረረ። «ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ አለ፣ አንተ ሰው። አየር ቢጨምቁት ይጨመቃል፤ ውሃ ግን አይጨመቅም። በግድ ሲያዞሩት የሚታጠፈው ብረቱ ነው። እኔን መጥራት አቃተህ?»

«ሳትመጪ አስነስቼ ልጠብቅሽ ብዬ ነው።»

«ሳላውቅ ልትሸኘኝ ነዋ። መሃል ሐይቅ ላይ ይገለጥላት ብለህ።»

ክዳኑን ሙሉ በሙሉ አንስታ ጎን አስተኛችው። የዘይት መለኪያውን መዛ ስታየው፣ ጥቁር መሆን የነበረበት ዘይት ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። ሞተሩ በተቀመጠበት ጉድጓድ ነጩ ግድግዳ ላይ ደግሞ ዙሪያውን የዘይት መስመር ተሰምሯል፤ ውሃው እስከ የት ወጥቶ እንደነበር መስመሩ ይናገራል። ከአየር ማጣሪያው በላይ ነበር። ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች።

«ከወለሉ በታች ነው ያልከኝ ይሄን ነው?»

ወንድሟ ባልዲውን አየ።

«ካፒቴን» አለች አዋላጇ ከላይ፣ «ትነሳለች ወይስ ሌላ ልፈልግ? ማዶ አንዲት ሴት ምጥ ይዟታል፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ምጡ ከሌሊት ጀምሮ ነው አሉኝ።»

«ሌላ ፈልጊ፣ እህቴ። ቃል አልገባልሽም።»

አዋላጇ አልተቆጣችም። ቢሆንም «በቀዘፋ መቼ ልደርስ ነው?» ብላ ለራሷ እያጉረመረመች ወደ ቀዛፊዎቹ ስትሄድ፣ ካፒቴኗ ተሰድባ ቢሆን ይሻላት ነበር። የቀረውም ሰው ተበተነ። እሷ ጥርሷን ነክሳ ወደ ሞተሩ ሆድ ገባች።

ውሃው የገባበትን ለማግኘት ብዙ አልለፋችም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የሐይቅ ውሃ የሚያስገባው ወፍራም የጎማ ቱቦ ከቦታው ወልቆ ተንጠልጥሏል። ቱቦውን አንቆ የሚይዘው ፋሼታ ከስር ወድቋል። የውሃው መዝጊያም ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው፤ ውሃው እንዳይመለስ ወንድሟ ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፎታል።

«ይሄን ማን ነካው?»

«እኔ» አለ ወንድሟ ቶሎ ብሎ። «ትናንት አመሻሹ ላይ ፈትቼው ነበር። አላጠበቅኩት ይሆናል።»

ከዚያ በኋላ እሳት ለብሳ እሳት ጎረሰች። ስንፍናውን፣ የሰባራ ወንበር ጥገና እንኳ አንድ ዓመት የፈጀበት መሆኑን፣ እናቷ «ገና ልጅ ነው» እያለች ያበላሸችው መሆኑን፣ ሁሉንም አወረደችበት። «አንተን መምከር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው» አለችው። «ሃያ ሰው ጭኜ መሃል ላይ ቢወልቅስ? ዋና የማይችሉትን ማን ሊያወጣቸው ነበር? አንተ ነህ በባልዲህ?»

ሁልጊዜ ለአንድ ቃል አሥር የሚመልስ ልጅ ዛሬ አፉን ለጎመ። ይህ ነው ያጠራጠራት። ፋሼታውን አንስታ ወደ ብርሃን አወጣችው። የቡሎኑ ራስ ካቻቢቴ ደጋግሞ አዳልጦት ዙሪያው ተቧጥጧል። ቱቦውን አየችው፤ የውስጡ ደለል ሙልጭ ብሎ ታጥቧል። ወንድሟ ሰነፍ ነው እንጂ ዓይኑ ደህና ነው። ደግሞም ከተወለደ ጀምሮ የቱቦ ውስጥ ፍቆ አያውቅም።

«ያጠብከው በምንድነው?»

«በ... በጨርቅ።»

«ውስጡን?»

«በሽቦ ብሩሽ ነው የታጠበው» አለ ከበስተጀርባዋ ሌላ ድምፅ።

አባታቸው ነበር። የመሣሪያ ሳጥኑን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው የማቆሚያውን ገመድ እየዳበሰ ቆሟል። «ደለል ዘግቶት ነበር። ማንም ሊያየው ስላልፈለገ እኔ አጠብኩት። ምን አጠፋሁ?»

ካፒቴኗ ወደ ወንድሟ ዞረች። እሱም ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

ወጥታ አባቷ ፊት ቆመች። ፋሼታውን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ወልቆ ነው ያገኘሁት፣ አባባ። መዝጊያውም ክፍት ነው። ሞተሩ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አድሯል።»

ሽማግሌው የቡሎኑን ራስ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ደጋግሞ ዳበሰው። «አጥብቄዋለሁ» አለ። «የዛሬ ዕቃ ደግሞ...»

«ዕቃውን ይተዉት።»

ወንድሟን የጮኸችበትን ያህል በአባቷ ላይ መጮህ አልቻለችም። ተመልሳ ገባች።

ቀኑን ሙሉ ከወንድሟ ጋር ሠሩ። «ቁልፍ አቀብለኝ»፣ «ያዝ»፣ «ልቀቅ» ከማለት በቀር አልተነጋገሩም። ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች ነቅለው ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ሲያዞሩ ከሲሊንደሮቹ የፈለቀው ውሃ ዘሎ ወንድሟ ፊት ላይ ተደፋ። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። የተበላሸውን ዘይት አፍስሰው አዲስ ሞሉ። የናፍጣውን ማጣሪያ ከፍተው ጠብታ ውሃ እስኪጠፋ አስወጡ፤ መስመሩ ውስጥ የቀረውንም አየር አባረሩ። ቱቦውን ራሷ አሰረችው። አባታቸው ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ድምፁን ብቻ ያዳምጣል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቁልፉን አዞረች። ሳል፣ ከዚያ ዝምታ። እንደገና አዞረች። ነጭ ጭስ እየተፋ ተንገጫገጨ፣ ተንተባተበ፣ ከዚያ ድምፁን አስተካክሎ ተነሳ። ወንድሟ ወለሉ ላይ ዘፍ አለ። እሷ ደስታ አልተሰማትም። ሞተሩን እንደበራ ትታ ወደ አባቷ ወጣችና እጇን ዘረጋች።

«የሞተሩን ክዳን ቁልፍ ይስጡኝ፣ አባባ።»

«ሞተር ምን እንደሆነ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

«አዎ፣ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ምን ያህል ጥፋት እንደሆነ አልነግርዎትም። ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ልጆቼ ጡረታ አወጡኝ በላ።»

«ዓይንዎ ነው ያወጣዎት። እኔ የተቆጣሁት በዓይንዎ አይደለም። ማየት ሲያቅትዎ ባለመናገርዎ ነው።»

ሽማግሌው ኪሱን ረጅም ጊዜ በረበረ። ቁልፉን እጇ ላይ አላኖረላትም፤ ከሳጥኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጦት ተነሳና ገመዱን እየዳበሰ ወደ ቤት አቀና።

«እኔ ላይ ቢቀር ምን ነበረበት?» አለ ወንድሟ፤ አሁን የተቆጣው እሱ ነው። «ለእኔ ስድብ ልብሴ ነው። እሳቸውን ግን ሰበርሻቸው።»

«አንተ ላይ ቢቀር ነገም ይከፍቱታል። ሰው ከሚሰምጥ የአባባ ልብ ይሰበር። የአንተን ጉዳይ ደግሞ ገና አልጨረስንም፤ እያወቅክ ዋሽተኸኛል።»

በማግስቱ አዋላጇን ከማዶ አመጣቻት። ሕፃኑ አዋላጇ ከመድረሷ በፊት ተወልዶ ነበር፤ እናትየው ብዙ ደም ፈስሷት ነበር፣ ግን ተርፋለች። አዋላጇ ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነግራት፣ ቦርሳዋን ተንተርሳ ተኛች።

ማታ ገበታ ላይ አባቷ አላናገራትም። «ለእህትህ ጨው አቀብላት» ይላል ለወንድሟ። እሷም «በቂ አለኝ በላቸው» ትላለች። ወንድሟ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ሲያይ ቆይቶ የጨው ዕቃውን መሃል ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ጀልባ አይደለሁም» አለ። «ሰው ማመላለሱ ሰልችቶኛል።»

እናታቸው ሳቋ አምልጧት ሳህኗ ላይ አቀረቀረች። ሌላ የሳቀ አልነበረም። አባትየው ግን እጁን ዘርግቶ የጨው ዕቃውን ዳበሰ፣ አገኘውና፣ ማንንም ሳያይ ወደ ልጁ ወደ ካፒቴኗ ገፋ አደረገው።