የጃክ ስቶን ድምፅ

«ወርቁን አምጣ፣ አለዚያ መቃብርህን ቆፍር!»

ኦሬስቴ ቦስኮሎ ማይክሮፎኑ ላይ ጮኸ። ፊት ለፊቱ ሸራው ላይ ራሱ ኦሬስቴ፣ ጺሙ ተንጨባሮ፣ ሽጉጥ ደቅኖ አፉን ይከፍታል።

«ቁም! ቁም!» አለች ከመስታወቱ ወዲያ የድምፅ ቅጂው ኃላፊ ሲኞራ ቫንዳ። «እኔ ወንበዴ አልኩ እንጂ ዓሣ ሻጭ አልኩህ?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ኦሬስቴም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ትከሻው ወልቆ ክለቡ እስኪያሰናብተው ድረስ ግብ ጠባቂ ነበር። በዚያ ሰሞን ሮም ውስጥ የካውቦይ ፊልም እንደ ዳቦ ይጋገር ስለነበር፣ ከጣሪያ መውደቅ የማይፈራ ግዙፍ ሰው ሥራ አላጣም። ይኸው ሲዘርፍና ሲገደል ዓመታት አለፉ። ፖስተር ላይ ስሙ ጃክ ስቶን ነው፤ አሜሪካን ግን በሕልሙም አላያት። በቀረጻ ጊዜ ጀርመኑም ስፔኑም በየቋንቋው ይለፈልፋል፤ ድምፁ የሚሞላው ኋላ እዚህ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። በኦሬስቴ አፍ ደግሞ ሁልጊዜ የሚናገረው ሌላ ሰው ነበር።

ዘንድሮ ግን የአባቱ ዓይን ጠፋ። ሽማግሌው ኤርሜኔጂልዶ ከሮም ርቆ የሚገኘው የኪዮጃ ወደብ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ልጃቸው በሚጫወትበት ዘመን ከግቡ ጀርባ ቆመው፣ በተከላካዮቹ ላይ ሲያንባርቅ እየሰሙ ይኮሩ ነበር። እሑድ ዕለት በስልክ፣ «ፊልሙ ሲመጣ እህትህ ትወስደኛለች። አላይህም፤ ግን እሰማሃለሁ» አሉት። ኦሬስቴም አፉን ሞልቶ፣ «ትሰማኛለህ፣ አባዬ» አላቸው። ዛሬ ለምኖና ተለማምጦ እዚህ የቆመው ለዚህ ነበር።

ቫንዳ ሲጋራዋን እንደያዘች ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ስማኝ፣ የኔ ጌታ። አነጋገርህ እንኳን ቴክሳስ ሮምም አልደረሰም። ወንበዴው ላይ ሰው ከሳቀ ፊልሙ አለቀለት።»

«እለማመዳለሁ።»

«መቼ? ነገ እናስረክባለን።»

«ሲኞራ፣ አባቴ ዓይኑ ጠፍቷል። አሁን የሚያውቀኝ በድምፄ ብቻ ነው።»

ቫንዳ ሲጋራዋን አጠፋች። «ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ...» ብላ ጀመረችና ራሷን ነቀነቀች። «ብትነግረኝም ያው ነበር። ዳሪዮ፣ ግባ!»

ዳሪዮ የኦሬስቴ ደረት ላይ የማይደርስ መላጣ የድምፅ ተዋናይ ነው። ሲያልፍ እጁን ጨበጠውና፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ አላሳፍርህም» አለው። ማይክሮፎኑ ላይ ሲናገር ከዚያች ትንሽ ሰውነቱ የወጣው ድምፅ ክፍሉን አንቀጠቀጠው። ሸራው ላይ ያለው ኦሬስቴ በእውነት የሚያስፈራ ሰው ሆነ። ኦሬስቴን ያንገበገበውም ማማሩ ነበር፤ ቢበላሽ ኖሮ ቢያንስ ይናደድ ነበር። ኮቱን አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ።

ሸራው ላይ ጃክ ስቶን ጋሪ አስቁሞ ነጂውን በጥይት ጣለው። ነጂው ከመውደቁ በፊት አፉን ከፍቶ ለመነ፤ ድምፅ ግን የለውም።

«የሱን ማን ነው የሚለው?» አለ ኦሬስቴ ዞሮ።

«የጋሪ ነጂውን? ማንም ያገኘ ሰው። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት።»

«እኔ ልበላት?»

«በዚያ አነጋገር?» ቫንዳ ትከሻዋን ሰበቀች። «እሱ ላይ ቢሳቅ እንኳ ግድ የለኝም። ማይክሮፎኑ ጋ ቁም።»

ኦሬስቴ ኮቱን ወለሉ ላይ ጣለና ማይክሮፎኑን ያዘ። «አትተኩስ! ልጆች አሉኝ!» አለ፤ ባደገበት ወደብ አነጋገር፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

ማምሻውን ከመንገድ ማዶ ካለው ቡና ቤት ኪዮጃ ደወለ።

«ለወደቡ ሁሉ ነግሬያለሁ!» አሉ አባቱ ድምፁን እንደሰሙ። «ልጄ ዋናው ወንበዴ ነው፣ አገር ያንቀጠቅጣል ብያለሁ!»

ኦሬስቴ የስልኩን እጀታ ጨመቀው።

«ወንበዴው ሌላ ሰው ነው፣ አባዬ። እኔ እሱ የሚገድለው ጋሪ ነጂ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ነው የምሞተው፤ እንዳታረፍድ።»